ጨርቁ ሌሊቱን ይችላል?

አንካራ፣ ኅዳር 22 ቀን 1964

ለተከበሩ አማቴ ለእማማ ኬዝባን፣
ኬክሊጄ መንደር

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። እኛን ከጠየቁን አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጅዎ ዱርሙሽ ወደ ጡብ ፋብሪካው ተመልሷል፤ ሳሉም ቀንሶለታል። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልዎ ለሃምሳ አለቃ ቤኪር ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጽሕፈቴ ስለተንጋደደ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በአንድ እጄ ልጅ ይዤ ነው የምጽፈው።

የላኩት ጆንያ ደርሷል። የአውቶቡሱ ሾፌር ራሱ እስከ በራችን ተሸክሞ አመጣው። “እህቴ፣ ሲሚንቶ ነው ወይስ ሰው ገድለሽ ነው?” አለኝ። “የቀበሮ ጉብታ አፈር ነው፤ ሽንቱን እንዲመጥ አማቴ ለሕፃኑ መኝታ የላኩልኝ” ስለው ኮፍያውን አነሣ። “እኔም ያደግሁት በአፈር ነው” አለና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። በደንብ የተነፋ አፈር ነው፤ ጣቴን ሳስገባበት እንደ ዱቄት ሆነብኝ። ምድጃው አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ልጁን እንዳዘዙት ያሻር ብለነዋል፤ ይኑር ብለን። አዛን ያሰሙት የሰፈራችን ኢማም ናቸው። ቀይ ጥብጣብ ራስጌው ላይ አስሬያለሁ። ብቻዬን ደጅ አልወጣም፤ ውሃ የምትቀዳልኝ ጎረቤቴ ናዚክ ናት፤ የኤርዙሩም ሰው ናት፣ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ያሻር ጡት ይይዛል። ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ቀን ቀን በጨርቅ ነው፤ ናዚክ ካረጀ አንሶላዋ ቀዳ ሰጥታኛለች።

ይተኛል ወይ ላሉኝ፣ ይተኛል።

ልጅዎ ሳቲ ነፍሰ ጡር ናት የሚል ወሬ እዚህ ድረስ መጥቷል። እውነት ከሆነ ራሷ ስላልጻፈችልኝ ተቀይሜያለሁ ብላለች ይበሏት። ከዚያ ግን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ።

ምራትዎ ዘሊሃ


ኬክሊጄ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ሙሽራዬ ዘሊሃ፣

ሁለቱን ዓይኖችሽን እስማለሁ። የልጄን የዱርሙሽንም ዓይን እስማለሁ። የያሻርን ግን እግሩን ነው የምስመው፤ ወደ እኔ ይምጣበት ብዬ።

(እኔ ቤኪር ነኝ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በቅንፍ ውስጥ ያለው የእኔ ነው፤ እሷ ማንበብ ስለማትችል አታውቀውም።)

ደብዳቤሽን ሃምሳ አለቃ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። መጀመሪያ ሲያነብ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ነበሩ፤ አለቀሱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ። ሁለተኛውን ለብቻዬ ሰማሁት። ስለ ሾፌሩ ጽፈሻል፣ ስለ ጥብጣቡ ጽፈሻል፣ ስለ ናዚክ አንሶላም ጽፈሻል። “ቀን ቀን በጨርቅ ነው” ትያለሽ። ከዚያ ዘልለሽ ሳቲ ላይ ትደርሻለሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሌሊት የለም።

(“እስቲ ፈልግ፣ ሌሊት የሚል አለ?” አለችኝ። ፈለግሁ፤ የለም። “አየህ፣ አንተ ፊደሉን ታያለህ፤ እኔ ቀዳዳውን አያለሁ” አለችኝ።)

አፈሩ ምድጃ አጠገብ ምን ይሠራል? የሚሸናው ምድጃው አይደለም።

ቀን ጨርቅ ይሁን፤ አልከራከርሽም፣ ዓለም ተለውጧል። ሌሊት ግን ጨርቅ ከሃዲ ነው። ስታስተኚው ደረቅ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፤ አንቺን እንቅልፍ ሲወስድሽ እሱ ይርሳል። ሌሊት የረጠበ ጨርቅ ከብረት ይበርዳል። ብርዱ ወደ ሆዱ ይገባል፣ ከሆዱ ወደ ደረቱ። አፈር የጠጣውን አይመልስም። በብረት ምጣድ አሙቂው፤ በክንድሽ ለስላሳ በኩል ለኪው፤ ከወገቡ በታች አልብሺውና ጠቅልይው። እስኪነጋ ድረስ ድምፁን አትሰሚም።

ዱርሙሽ የቆየው በዚህ አፈር ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ይኸው ቆየ ብዬ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስቱ አልቆዩም፤ ያ ግንባራቸው ላይ የተጻፈ ነው። ያንቺ የመጀመሪያውም እንደዚያው። ብቻ በአራስነትሽ ለብቻሽ ወደ እንጨት ክምሩ ባትወጪ ኖሮ ጥሩ ነበር። ሕፃን የምትወስደው ቀይዋ ሴትዮ የምትገባው አራስ ብቻዋን ስትወጣ ነው፤ ይህን ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ወቀሳ አድርገሽ አትያዢው።

(“ወቀሳ አይደለም ብለህ ደግመህ ጻፍ” አለችኝ። ወቀሳ አይደለም።)

የሳቲ ነገር እውነት ነው። አፍራ ነው ያልጻፈችልሽ። የምትወልደው ከብቶቹ ወደ ላይኛው ግጦሽ ከወጡ በኋላ ነው። የእሷን አፈር የማወጣበትን ቦታ ከወዲሁ ለይቻለሁ፤ ከጉብታው በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ከማዶ መንደር ሳይቀር እየመጡ ይጠይቁኛል፤ ለልጄ ደግሞ ከምርጡ ምርጡን አስቀምጣለሁ።

ስለ ሌሊቱ ጻፊልኝ።

አማትሽ ኬዝባን


አንካራ፣ ጥር 3 ቀን

እማማ፣

እጅዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። ይቅርታም እጠይቃለሁ። ሌሊቱን የተውኩት ረስቼው አይደለም።

ያሻር ሌሊትም በጨርቅ ነው። ምክንያቱ፣ የዚህ አገር አየር እርጥብ ነው፤ አፈሩን ምድጃ አጠገብ ባቆየውም አልደርቅ አለ።

እንዴት እንደማደርገው ልንገርዎትና የተሳሳትኩትን ያርሙኝ። ለቀኑ አንድ ጨርቅ ይበቃል። ለሌሊቱ ሁለት እደርባለሁ፤ ሁለተኛውን በረጅሙ አጣጥፌ መሐል ለመሐል አኖረዋለሁ። ወንድ ስለሆነ ውፍረቱን ወደ ፊት አመጣለሁ፤ ይህን ያሳየችኝ ናዚክ ናት። “ለሴት ከሥር፣ ለወንድ ከፊት፤ የባልሽ እናት አላስተማረችሽም?” ብላ ስቃብኛለች። ከላይ የማለብሰው ከዱርሙሽ አሮጌ ሹራብ ቆርጬ የሰፋሁትን የሱፍ ሱሪ ነው። ሱፍ እርጥቡን ለራሱ ይይዛል እንጂ ለአልጋው አያስተላልፍም፤ ቢረጥብም ቶሎ አይበርድም። ላስቲክም ሞክሬ ነበር፤ ጭኑን ስላቀላው ተውኩት። መርፌ ቁልፉን መጀመሪያ ሳሙና ላይ እወጋዋለሁ፤ አለበለዚያ ወፍራሙን አይበሳም።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አልሆነልኝም። ልጁም ፍራሹም እኛም ረጠብን። ዱርሙሽ ተነሥቶ ተቀመጠና፣ “ይህ ልጅ ከየት ነው የሚያመጣው? መንግሥት ቢሰማ ግድብ ይሠራበታል” አለ። አሁን ደግሞ ጨርቁን ደጅ ካሰጣሁት ብርዱ እንደ ሳንቃ ስለሚያገትረው ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግተናል። ዱርሙሽ ከሥራ ሲገባ ጎንበስ ብሎ በጨርቆቹ ሥር እያለፈ፣ “የሪፐብሊክ በዓል ነው እንዴ ባንዲራ የተሰቀለው?” ይላል።

ሃምሳ አለቃ፣ ከዚህ በታች ያለውን እማማ ለብቻቸው ሲሆኑ ያንብቡላቸው።

እማማ፣ ያሻርን ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር። ነርሷ የመጀመሪያው ልጄ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ቀይዋ ሴትዮ ልላት አፈርኩ። ያየሁትን ነገርኳት። ጡት መያዝ አቃተው፣ መንጋጋው ገጠመ፣ በነካነው ቁጥር እንደ ደጋን ተለጠጠ አልኳት። “ሌሊት በምን ነበር የሚተኛው?” አለችኝ። በሞቀ አፈር አልኳት። “እትብቱ ሳይደርቅ?” አለችኝ። ሳይደርቅ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መንጋጋ ቆልፍ ይባላል አለች። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ በምጣድ ቢሞቅም አይሞትም፣ በእትብቱ ቁስል ይገባል አለች። የቀረውን አልጽፈውም። ይህንንም ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የሳቲ ቀን እየደረሰ ነው።

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ዘሊሃ


ኬክሊጄ፣ ጥር 28 ቀን

ሙሽራዬ፣ ዓይኖችሽን እስማለሁ።

ሌሊቱን ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። የጻፍሽው ግን ደስ አላለኝም። የአንካራ አየር እርጥብ ነው ብለሻል።

(አንካራ ወታደር ነበርኩ። አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ያለችኝን ጻፍኩ።)

ይሁን፤ አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እዚህ ግን አየሩ ደረቅ ነው፤ ሳቲ በአፈር ታስተኛለች። ሱፉን ደግሞ በፈላ ውሃ እንዳታጥቢው፤ ይኮማተርና ለድመት ይሆናል። በለብታ ውሃ፣ ሳትጨምቂው። እኔ ጨርቅ አላውቅም ብለሽ አታስቢ። የማውቀውን ነው የምጠላው።

የናዚክ ነገር አልጣመኝም። “የባልሽ እናት አላስተማረችሽም?” ስትልሽ ዝም አልሽ? እናቱ እኔ ነኝ።

(ዘሊሃ ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የእኔ ነው። እሷ ሰላምታ የማሳምር መስሏታል።

የመጨረሻውን አላነበብኩላትም። እንዳዘዝሽው ሴቶቹን አስወጣሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። ዓይኔን በመስመሩ ላይ አሳለፍኩና እንደገና ጠረግሁት። ከዚያ “ሰላምታዬ ይድረስዎ” ወደሚለው ዘለልኩ።

“ምን ዘለልክ?” አለችኝ።

“ቀለም ፈሶበታል።”

“የቱ ላይ?”

“እዚህ ላይ።”

“ይህ ሁሉ?”

“ትልቅ ጠብታ ነው።”

“አንተ ሰውዬ፣ ጠብታ ነው እንዲህ የሚያስልህ?”

ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ጭሱ ነው ባልኳት ይሻል ነበር።

ልጄ፣ በጦር ሜዳ ሳለሁ ለስንት እናት የልጇን ሞት ጽፌያለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም። የእሷም ሦስቱ የተኙት በዚያው ጉብታ አፈር ነው። የሌሎች ሰዎች ልጆችም አሉ፤ አፈር የሚነፋበትን ወንፊት የያዘችው በእጇ ነው። ባነብላት ይህች ሴት ከዚያ በኋላ በምን እጅ ዳቦ ትቆርሳለች? ባላነብላት ደግሞ የሳቲ ልጅ አለ። እኔ ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ ለዚህ የሚበቃ ማዕረግ የለኝም። አንብብ ካልሽኝ አነባለሁ። ትእዛዝሽን ጻፊልኝ።)

ሃምሳ አለቃ ዛሬ ሰላምታውን በጣም አስረዘመው። እኔ የምልሽ አጭር ነው። ልጁን ጠብቂ።

ኬዝባን


አንካራ፣ የካቲት 19 ቀን

ሃምሳ አለቃ፣ የቀለም ጠብታ ነው። ይለፉት።

እማማ፣ እጅዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። መልስ ያዘገየሁት ያሻር አሞት ስለነበር ነው። ጉንፋን ብቻ ነው፤ አልፎለታል። ዛሬ ጣቴን ይዞ ሊበላኝ ሲታገል ዋለ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾፌሩ በኩል ጥቅል ልኬያለሁ። ለሳቲ ነው። ጨርቆቹን የቀደድኩት ከሙሽርነቴ አንሶላ ነው። አዲስ ጨርቅ ያምራል እንጂ ውሃ አይጠጣም፤ ይህ ግን ብዙ ስለታጠበ ለስልሷል። ጠርዙን ማታ ማታ ስለሰፋሁት ተጣምሟል። የሱፍ ሱሪም አለበት፤ እንደመከሩኝ በለብታ ውሃ ነው ያጠብኩት፤ አልተኮማተረም። ናዚክ አይታ፣ “ይህን ማን አስተማረሽ?” አለችኝ። “የዱርሙሽ እናት” አልኳት። ዝም አለች፤ እሷን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም።

ስለ እንጨት ክምሩ ጽፈውልኝ ነበር፤ ሳልመልስ ቀረሁ። አዎ፣ ወጥቼ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፤ ጥብጣብም ብረትም አልያዝኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴቶቹ ቢጠይቁ ዘሊሃ ራሷ እንዲህ ብላለች ይበሏቸው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ። ሳቲ ልጇን ሌሊትም በጨርቅ ታስተኛው። የሚቸግር ነገር ካለ እርስዎ ያውቁበታል።

እማማ፣ አፈር ስሆንልዎ።

ዘሊሃ


ኬክሊጄ፣ መጋቢት 11 ቀን

ዘሊሃ፣ አፈር ስሆንልዎ ብለሽ ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ።

(“ሰላምታው ይቅደም እንጂ” አልኳት። “ሰላምታ የትም አይሄድም፤ ይህን ጻፍ” አለችኝ።)

ይህን ቃል ሰው ሁሉ ይለዋል። እኔም ስለው ኖሬያለሁ፤ ለሐኪሙም ብያለሁ፣ ለግብር ሰብሳቢውም ብያለሁ፣ አንዴ ለእምቢተኛ በቅሎ ሳይቀር ብያለሁ። ሃምሳ አለቃ ሲያነበው ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ሰማ። “አቁም” አልኩት። አቆመ። አንቺ አፈር አትሁኝ። የሆኑት ይበቃሉ።

ዱርሙሽ በሾፌሩ በኩል፣ “ልጁን ጤና ጣቢያ አሳይተነዋል፤ ደኅና ነው ተብሏል” ብሎ ልኮብኛል። አንቺ ይህን አልጻፍሽልኝም። ነርስ ጋ የሄደን ሰው ነርስ ትጠይቀዋለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀለም ፈሰሰ። ቀለም ሰውን አያስልም፤ ሽማግሌም አያስለቅስም።

(አላለቀስኩም።)

ምን እንዳለችሽ እንዳትጽፊልኝ። ስሚኝ፤ እንዳትጽፊልኝ።

ስለ እንጨት ክምሩ ያልሽውን ለሴቶቹ አልነገርኩም። ትናንት ምንጩ ላይ ተሰብስበው የመንደሩ ሹም የሙክታሩ ምራት ያንቺን ስም ስታነሣ ሰማሁ። “ዘሊሃ አልወጣችም። ያን ዕለት እንጨቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ” አልኳት። “ኧረ እማማ ኬዝባን፣ ያኔ እንዲህ አላሉም” አለችኝ። “ያኔ አልጠየቅሽኝም” አልኳት። እንስራዬን አንሥቼ ሄድኩ። ከእንግዲህ ስለ እንጨቱ የሚናገርሽ ሰው የለም።

ጥቅሉ ደርሷል። ጠርዙ በእርግጥ ጠማማ ነው። ሳቲ ሆዷ ላይ ደርባው ልትተኛ ፈልጋ ከለከልኳት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳታሳምሪ መልሺልኝ፤ እንደ አየሩ ነገር አታድርጊው። ጨርቁ ሌሊቱን ይችላል?

(እዚህ ላይ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ሰላምታውን እኔ ጨምሬያለሁ፤ ዓይኖችሽን ትስማለች።)


አንካራ፣ ሚያዝያ 2 ቀን

እማማ፣ እጅዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። የጠየቁኝን ሳላሳምር እመልሳለሁ።

አይችልም።

ጨርቅ ብቻውን ሌሊቱን አይችልም። በአፈር ጊዜ ሰው ተኝቶ ያድራል፤ ያሉት ልክ ነው። በጨርቅ ጊዜ ሰው ይነሣል። ይህን ደብቄ ሳቲን ባታልላት መጀመሪያ ፍራሹ ሲረጥብ ትተወዋለች። ስለዚህ እንዲህ ብለው ይንገሯት። ድርብ ጨርቁና ሱፉ ከማታው ጀምሮ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ይይዛሉ። ከዚያ ልጁ ይቁነጠነጣል፤ ገና አያለቅስም። ያን ጊዜ ነው መነሣት። ካለቀሰ በኋላ ከተነሣች ሁለቱም እንቅልፋቸውን ያጣሉ። የሚቀየረውን ጨርቅ አስቀድማ ምድጃው ዳር ታኑረው፤ ሞቆ ካገኘው ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ይመለሳል። መብራት አታብራ። አታናግረው። እኔ ያሻርን አናግረው ነበር፤ ጨዋታ መስሎት እስኪነጋ ይስቅብኝ ነበር።

ቆዳው አንድ ጊዜ ተላልጦ ነበር። ሳሙናውን በደንብ ስላላስለቀቅሁ ነው። ጨርቁን ቀቅዬ ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ ሳጠራው፣ ቀን ላይም ትንሽ እርቃኑን ሳቆየው ዳነ። የወይራ ዘይት ትንሽ ይረዳል። እትብቱ እስኪደርቅ ድረስ ጨርቁን ከእትብቱ በታች ታስረው፤ ላዩ ላይ ምንም ነገር እንዳታደርግ፤ ዘይትም ቢሆን፣ ምንም።

ድካሙን አልዋሽዎትም። ዱርሙሽ “ዓይንሽ የጉጉት መሰለ” ይለኛል። አንድ ሌሊት ግን እሱ ራሱ ተነሥቶ ቀየረው። መርፌ ቁልፉን ከራሱ እጅጌ ጋር አያይዞት ጠዋት ልጁን ይዞ ሲነሣ አገኘሁት። እስኪፈታ ድረስ ሥራ አረፈደ።

ጆንያውን ምን ላድርገው?

ዘሊሃ


ኬክሊጄ፣ ሰኔ 12 ቀን

ሙሽራዬ ዘሊሃ፣ ሁለቱን ዓይኖችሽን እስማለሁ፤ የዱርሙሽንም፣ የያሻርንም።

ሳቲ ወለደች። ሴት ናት። ይህን ደብዳቤ ያዘገየሁት አውቄ ነው፤ እትብቷ እስኪደርቅና እስኪወድቅ፣ ከዚያም በኋላ ትንሽ እስኪሰነብት ጠበቅሁ። ጡት ትይዛለች። ስታለቅስ አፏን እስከ ጆሮዋ ትከፍታለች። ሳቲ “እማ፣ ዝም አሰኚያት” ስትለኝ፣ “ቆይ፣ ጉሮሮዋን ልይላት” እላታለሁ። እንደ ልቧ ትጩህ።

ስሟን ኑሪ ወይም ቆዪ የሚል አላደረግነውም። ቺቼክ ብለናታል፤ አበባ፣ ሌላ ምንም። ሃምሳ አለቃ “ስሙ ጥበቃ የለውም” አለኝ። “ጥበቃው እኔ ነኝ” አልኩት።

ሌሊት የምነሣው እኔ ነኝ። ሳቲ እንደ ድንጋይ ነው የምትተኛው፤ ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ቺቼክ ስትቁነጠነጥ እሰማታለሁ፤ ዕድሜ እንቅልፌን ስለወሰደው ጨርቅ ለመቀየር የተመቸሁ ሆኛለሁ። መብራት አላበራም፤ አላናግራትም። ጠማማ ጠርዞችሽን ፈትቼ እንደገና ሰፍቻቸዋለሁ። ለሴት ውፍረቱ ከሥር ነው፤ ለናዚክ ንገሪያት፣ እዚህም ይታወቃል።

ስለ አፈሩ ትጠይቂኝ ይሆናል። ላወጣ ሄጄ ነበር። የቀበሮ ጉብታ በበረዶ ተሸፍኗል፤ አካፋ አይገባም። እየመጡ ለሚጠይቁኝም የምላቸው ይህንኑ ነው። የሙክታሩ ምራት እሷም ነፍሰ ጡር ናትና መጥታ ነበር። “በረዶ? በሰኔ?” አለችኝ። “ካላመንሽ ሄደሽ እዪ” አልኳት። አልሄደችም። ካረጀ አንሶላ እንዴት እንደሚቀደድ አሳይቻት ሄደች።

(የምጽፈው በሸሚዝ ሆኜ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው። ሣር አጨዳ ተጀምሯል። ጉብታውን ከዚህ አየዋለሁ፤ ፍየሎች ተሰማርተውበታል፣ ቀይ አበባም አለው። “በረዶ ብለህ ጻፍ” አለችኝ። “ወፍራም በረዶ ልበል?” አልኳት። “ወፍራም በል” አለችኝ። ወፍራም በረዶ ነው።)

በረዶው ዘንድሮ የሚለቅ አይመስለኝም። ከርሞም እንጃ።

ወንፊቱን ለቡርጉል ስንዴ አድርጌዋለሁ። ጆንያውን ባዶውን መልሺልኝ፤ ለስንዴ እፈልገዋለሁ።

አማትሽ ኬዝባን


አንካራ፣ ሐምሌ 1 ቀን

እማማ፣ እጅዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። የቺቼክን እግር እስማለሁ፤ ወደ እኛ ትምጣበት።

ባዶው ጆንያ ታጥቦ በሾፌሩ ተልኳል። አፈሩን ዱርሙሽ በቆርቆሮ አድርጎ ደጃችን በርበሬ ተክሎበታል። ያሻር አሁን ይቀመጣል፤ ጥርስም አውጥቷል። ሌሊት አሁንም እነሣለታለሁ። በዚያው ሰዓት እርስዎም እዚያ እንደሚነሡ ሳስብ ቤቱ ያን ያህል ጨለማ አይመስለኝም።

ለሃምሳ አለቃ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ጉንፋናቸው እንዴት ሆነ?

በቀበሮ ጉብታ ላይ ስለወረደው በረዶ ሰማሁ። የዚህ አገር አየር እንደሚያውቁት እርጥብ ነው፤ እዚህም እየጣለ ነው።

ልጅዎ ዘሊሃ